የእንግዳ እሳት

በምሠራበት ዩኒቨርሲቲ ግድግዳው ሁሉ አፍ አውጥቷል። «መብራት አጥፉ»፣ «ቧንቧ ዝጉ»፣ «ፌስታል አትጣሉ»፣ «ወረቀት በሁለቱም ገጽ ተጠቀሙ» ይላል። ጽሑፎቹን ያዘጋጀው የአረንጓዴ ግቢ ኮሚቴያችን ነው፤ እኔም ከማስተማሩ ጎን አባል ነኝ። የደብረ ታቦር ዝናብ እንዳያበላሻቸው ተብሎ እያንዳንዳቸው በላስቲክ ተለብጠዋል፤ ስለ ላስቲክ ጉዳት የሚናገረውም ጭምር። ይህን በስብሰባ ላይ ባነሳ ሰብሳቢያችን «አንቺ ደግሞ ነገር ታበዢያለሽ» አለኝ። መልካም ሰው ነው፤ ባነር ካልተሰቀለ ግን ሥራ የተሠራ አይመስለውም።

ከተማሪዎቹ መኝታ ጀርባ ትልቅ ጉድጓድ አለ። አትክልተኞቹ ከባሕር ዛፉና ከጥዱ የገረዙት ቅርንጫፍ እዚያ ይከመርና ከፌስታሉና ከካፌው ቆሻሻ ጋር ይቃጠላል። ጭሱ ቢሮዬ ድረስ ይገባል። ፌስታሉ ይለይ፣ ቅጠሉ ብስባሽ ይሁን፣ እንጨቱ ለቸገረው ይሰጥ እያልኩ ስንት ጊዜ እንደተጨቃጨቅኩ ጎረቤት ቢሮ ያሉት ሁሉ ያውቃሉ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች እንዲሉ፣ እኛ ጉድጓዳችንን እያጨስን ለከተማው ሕዝብ ስለ ንጹሕ አየር ሥልጠና እንሰጥ ነበር። ይህ ሁሉ ያናድደኝ ነበር እንጂ አያስለቅሰኝም። ያስለቀሰኝ በአክስቴ በኩል ሲመጣ ነው።

አክስቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናት። እናቴ ቶሎ ስለሞተችብኝ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ በእኛ አገር በእሷ ዕድሜ ያለ ሰው አንቱ ቢባልም እኔ አንቺ የምላት ለዚህ ነው። ከአንበሳሜ በላይ፣ ብርዱ አጥንት ድረስ በሚዘልቅበት ደጋ፣ ብቻዋን ትኖር ነበር። ባሏ ሞቷል። መሬቷን ለእኩል ሰጥታ፣ አንዲት ላም ይዛ የምትኖር ቆራቢ ሴት ነበረች። ቁርባን ለእሷ ምን እንደነበረ ለሌላ ሰው ማስረዳት ይከብደኛል። ማልዳ የምትነሳው ለእሱ፣ አፏን ከሐሜት የምትሰበስበው ለእሱ፣ ጎረቤት ሲያስቀይማት ሳይመሽ የምትታረቀው ለእሱ ነበር።

ከቤቷ ራስጌ አንድ ኮረብታ አለ። በልጅነቴ እንጨት የምንለቅመው እዚያ ነበር። እኔ ተምሬ አስተማሪ እስክሆን ድረስ ግን ሳሩ በከብት፣ ቁጥቋጦው በምሳር አልቆ ተራቆተ። ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ ቦረቦሩን እያሰፋ ከታች ያለውን የጤፍ ማሳ ይበላ ጀመር። ቀበሌው የቆረጠ ይቀጣ ብሎ ሕግ አወጣ፤ ዘበኛም ቆመ። ሰው ለዘበኛው አንድ ጣሳ ጠላ ይዞ ይወጣል፣ አንድ ሸክም እንጨት ይዞ ይወርዳል። በመጨረሻ ሽማግሎቹ መከሩና ወደ መምሬ ሄዱ።

መምሬ የደብሩ አንጋፋ ቄስ፣ የአክስቴም የነፍስ አባት ናቸው። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡን ደጀ ሰላም አቁመው፣ መስቀላቸውን ወደ ኮረብታው ዘርግተው፣ «በአፈ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ገዝቻለሁ፤ ከዚህ ኮረብታ እርጥብም ሆነ ደረቅ የቆረጠ የተገዘተ ይሁን» አሉ። በቃ። ግዝት ያፈረሰ ሰው እስኪፈታ ድረስ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር አይገባም፣ አይቆርብም፤ ቢሞትም ያው እንደታሰረ ነው። ዘበኛው ከዚያች ዕለት ጀምሮ ሥራ ፈታ።

እውነቱን ለመናገር፣ ወሬውን ስሰማ ቀናሁም፣ ተናደድኩም። የቀናሁት እኛ በዚያ ሁሉ ጽሑፍ አንድ አምፖል ማስጠፋት ሲያቅተን መምሬ በአንድ ቃል ኮረብታ በማስጠበቃቸው ነው። የተናደድኩት ደግሞ የገዘቱትም፣ የመከሩትም፣ ያጨበጨቡትም ወንዶች መሆናቸውን ሳይ ነው። ምድጃ ዳር የሚቀመጠውን ማንም አልጠየቀውም። በደጁ ባሕር ዛፍ ያለው ቤት አልተቸገረም። አክስቴ ግን የነበሯት ጥቂት ዛፎች ለባሏ ተዝካር አልቀዋል። የቀራት የአንዲት ላም ኩበት ነው፤ እሱም በክረምት አይደርቅም።

እኔም የአቅሜን ብዬ ማገዶ ቆጣቢ የሚባለውን ምድጃ ገዝቼ ወሰድኩላት። እንዴት እንደሚሠራ አሳየኋት፤ ግማሽ እንጨት ይበቃል አልኳት። ዞር ዞር ብላ አየችው።

«እሰይ ልጄ፣ ተባረኪ። ግማሹን እሱ ይቆጥብልኛል። ሌላውን ግማሽ ከየት ላምጣው?»

ሳቅን። እሷ የሳቀችው ከልቧ ነበር፤ እኔ ግን ለይስሙላ።

ኮረብታው ለመለመ። ይህን አልክድም። በሁለተኛው ዓመት ሳሩ ጉልበት ደረሰ፤ ክትክታው፣ ቀጋው፣ ወይራው ከየሥሩ አቆጠቆጠ፤ ከግርጌው የደረቀችው ምንጭ ማንጠባጠብ ጀመረች። ደስ ብሎኝ በኮሚቴው ፊት አወራሁ። ሰብሳቢያችን ዓይኑ በራ። ተማሪዎቹን ወስደን እናሳያቸው፣ ሕዝብ ራሱ ተስማምቶ ያለማው ኮረብታ ነው አለ። ሐምሌ ላይ አውቶቡስ ሙሉ ተማሪ ይዘን ሄድን። ባነሩም አብሮን ነበር።

ልጆቹ አብዛኞቹ ከቆላ የመጡ ናቸው፤ ስስ ሹራብና ሸራ ጫማ አድርገው ነው የመጡት። ኮረብታው ላይ ፎቶ እየተነሳን ሳለ ሰማዩ ጠቆረና በረዶ ያዘለ ዝናብ ወረደብን። የምንጠለልበት ትልቅ ዛፍ ገና የለም። እየተንሸራተትን ወርደን አክስቴ ቤት ተፋፈግን። ከሁሉ የባሰባት አንዲት ሙስሊም ተማሪ ነበረች፤ ደብረ ታቦር ሱቅ ያላቸው ነጋዴ ልጅ ናት። ሻሿ ውሃ ያንጠባጥባል፤ ጥርሷ እየተንገጫገጨ መናገር አቃታት።

አክስቴ ጋቢዋን አውልቃ አለበሰቻት። ምድጃው ላይ የተቀመጠውን ኩበት ዳሰሰችው፤ እርጥብ ነበር። ልጆቹን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ ማጭዱን ከግድግዳው መዝዛ በጓሮ በር ወጣች። ጎረቤት ሄዳ ይሆናል ብዬ ልጆቹን ማስጠጋት ያዝኩ። ስትመለስ ነጠላዋ ከገላዋ ጋር ተጣብቆ፣ በብብቷ አንድ እቅፍ እንጨት ይዛ ነበር። እሳቱ ወዲያው ተያያዘ። ልጆቹ እጃቸውን ዘረጉ፤ ሰብሳቢያችን ካልሲውን አውልቆ ያደርቅ ጀመር፤ አንዱ ዘፈን አነሳ።

እኔ ግን ሽታውን አወቅኩት። ክትክታ እርጥብም ሆኖ ይነዳል፤ ሽታው ደግሞ ከሌላ እንጨት ጋር አይምታታም። በዚያ አካባቢ ክትክታ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ጠጋ ብዬ በጆሮዋ ጠየቅኳት።

«ከየት አመጣሽው?»

«አንቺ እሳትሽን ሙቂ።»

«ግዝቱስ?»

«ግዝቱ የእኔ ነው። ከቤቴ የገባ እንግዳ በርዶት አይወጣም።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አበስኩ ገበርኩ» አለችና ማማተብ ጀምራ እጇን መለሰችው።

ያ የተመለሰ እጅ ዛሬም ይታየኛል። ልጆቹ እንዳይሰሙ ብዬ አፌን ዘጋሁ እንጂ ጮኼ ባለቅስ ደስ ይለኝ ነበር። የተጠበቀ ኮረብታ ልናይ መጥተን ኮረብታውን እየሞቅን ነበር፤ እዳው ደግሞ ምንም በሌላት ሴት ነፍስ ላይ ወደቀ።

ከዚያ እሑድ ጀምሮ አክስቴ ከቅጥሩ ውጭ መቆም ጀመረች። ማንም አልከሰሳትም፤ ስትቆርጥ ማንም አላያትም። በራሷ ላይ የፈረደችው ራሷ ናት። መምሬ በዚያን ጊዜ በመንደሩ አልነበሩም። ጉልበታቸው ተይዞ ከሰኔ ጀምሮ ወንዛዬ፣ ከፍል ውሃው አጠገብ፣ ልጃቸው ዘንድ ሰንብተው ነበር። በእሳቸው ፈንታ የሚቀድሱት ወጣት ቄስ ሰምተው «እኔ ልፍታዎት እናቴ» ቢሏትም «የገዘተው ይፍታኝ» ብላ እምቢ አለች። የደጋ ሰው ግትርነት ነው። በዝናብም በውርጭም ከግንቡ ውጭ ቆማ ቅዳሴውን በድምፅ ብቻ ትሰማለች። ሴቶቹ እምነቱንና ጸበሉን ሊያወጡላት ሲሉ አትቀበልም።

መምሬ መስከረም ይመጣሉ ተባለ፤ አልመጡም። ኅዳር ላይ አክስቴ ሳል ያዛት። ለምኜ፣ ተቆጥቼ፣ በመጨረሻ አስለቅሼያት ደብረ ታቦር ቤቴ አመጣኋት። ሐኪሙ ሳንባዋ ተጎድቷል፣ ከብርድና ከጭስ ትራቅ አለ። ለሳሏ መድኃኒት ሰጣት። ብርዱን ለማራቅ ግን የምትሞቀው እሳት ያስፈልጋታል፤ እሳቱ ደግሞ ጭስ ነው። ይህን ለሐኪሙ ብነግረው ቀጣዩን ታማሚ ጠራ።

ቤቴ ውስጥ አብረን ስንኖር አልተስማማንም። እኔ ፌስታል ቤቴ እንዳይገባ ዘንቢል ይዤ ገበያ የምወጣ ሴት ነኝ። እሷ ፌስታል እንደ ሐር ልብስ አጥፋ አጥፋ ከትራሷ ሥር ታስቀምጣለች። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ከሰሉን በፌስታል ስታቀጣጥል ደረስኩባት። ቤቱ በዚያ ክፉ ሽታ ታፍኗል፣ እሷ ትስላለች፣ ከሰሉ ግን ተያይዞላታል።

«አክስቴ፣ ይሄ እኮ መርዝ ነው!»

«መርዝማ ቢሆን ሱቅ ይሸጡት ነበር?»

ቧንቧም አትዘጋም። የምንጭ ውሃ ይዘጋል እንዴ ነው የምትለው። መብራት ግን ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ አንድም አታበራም፤ ያበራሁትንም ከኋላዬ እየተከተለች ታጠፋለች፤ ምስር የታጠበበትን ውሃ ግቢዬ ላለው ጌሾ ታፈሳለች። ስንጨቃጨቅ ውለን ማታ እንታረቃለን። እሑድ ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። ከቤቴ ትንሽ ራቅ ብሎ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ደወሉ ሲሰማ ትነሳና ነጠላዋን አጣፍታ ግቢዬ በር ላይ ትቆማለች። አትወጣም። እዚያው ቆማ ትውላለች። አንድ እሑድ «ልጄ፣ እንዲህ እንደታሰርኩ ብሞትስ?» አለችኝ። ስለ ሞት ፈርታ ስታወራ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር፤ እኔም ፈራሁ።

ለመምሬ መደወል የማይታሰብ ነበር። ስልክ የላቸውም፤ የልጃቸው ስልክ ደግሞ ኔትወርክ ካጣ ሰንብቷል። መንገዱም አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል። ታኅሣሥ ላይ ተከፈተ ሲባል ፈቃድ ጠይቄ በማግስቱ ተነሳሁ። ሚኒባሱ በየኬላው እየቆመ፣ መታወቂያችን እየታየ፣ ቦርሳችን እየተፈተሸ ቆላው ድረስ ወረድን። ቀኑን ሙሉ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ተመልሼ እስክመጣ ትቆይልኝ።

መምሬን ከፍል ውሃው ወጥተው፣ እግራቸውን በጋቢ ጠቅልለው ጥላ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። መስቀላቸውን ተሳለምኩና ሁሉንም ከመጀመሪያው ነገርኳቸው። የዝንብ ጭራቸውን እንኳ ሳያወዛውዙ ሰሙኝ። ዝንብ ግንባራቸው ላይ ሲያርፍ አላባረሩትም።

«ልጆቹ ምን ለብሰው ነበር?» አሉኝ በመጨረሻ።

«ስስ ነገር ነው መምሬ። ከቆላ የመጡ ልጆች ናቸው።»

«ስገዝት ከብት አስቤያለሁ፣ ምሳርም አስቤያለሁ። እንግዳ አላሰብኩም።» «ከሐምሌ ጀምሮ ደጅ ቆማለች ነው የምትዪኝ?»

«አዎ። አሁን ደግሞ ታማለች። አንቱ ካልፈቷት አልፈታም ብላለች።»

ዓይናቸው ውሃ ሞላ። መስቀላቸውን ወደ ደጋው አቅጣጫ አንሥተው በግእዝ ደገሙ፤ ብዙው አልገባኝም። ከዚያ «እግዚአብሔር ይፍታት። ቀኖናዋን ደጅ ቆማ ጨርሳለች» አሉ። ልነሳ ስል ያዙኝ።

«ቆዪ። እሳቱን ማን ማን ሞቀ?»

«እኔ፣ የኮሚቴያችን ሰብሳቢ፣ ተማሪዎቹ።»

«የቆረጠች አንዲት ሴት፣ የሞቀው ያን ሁሉ ሰው። እናንተስ ቀኖና የላችሁም? የሞቀ ሁሉ አንዳንድ ሸክም እንጨት ተሸክሞ ደጇ ያድርስ። ከኮረብታው እንዳይነካ፤ ከሌላ ያምጣ።»

«መምሬ፣ ከልጆቹ መሐል እኮ ሙስሊም አለች፤ ሌላም ሃይማኖት አለ።»

«ብርድ ሃይማኖት ለይቶ ነው የያዛቸው?»

ከእሳቸው መምጣቴን እንዲያምኑ ጭራቸውን ሰጡኝ። እጀታው በቆዳ የተለበጠ፣ የመንደሩ ሕፃን ሁሉ የሚያውቀው ጭራ ነው።

ቤቴ ስደርስ አክስቴ አልጋ ላይ ነበረች። ጭራውን ሳወጣው ገና ሳልናገር አወቀችው። ግንባሯ ላይ አስነካችው፣ ሳመችው፣ ደረቷ ላይ አደረገችው። «ፈትተውሻል» አልኳት። እንባዋ ወረደ። በነጠላዋ ጠረገችና ቀና ብላ አየችኝ።

«አንቺንስ? ፈቱሽ?»

«እኔንማ እንጨት ተሸከሚ ብለውኛል።»

እስኪያስላት ሳቀች። «አንቺው ታመጪው፣ አንቺው ታሮጪው! ይሄ ሁሉ ተምረሽ መጨረሻሽ እንጨት ለቀማ!» ከዚያ በኋላ ቀን በቀን ተሻላት። በጥር ወደ መንደሯ ወሰድኳት። ወጣቱ ቄስ ጭራውን ተቀብለው ጸሎቱን ደገሙላት፤ የአስተርእዮ ማርያም ዕለት ቆረበች። ከቅዳሴ ስትወጣ አፏን በነጠላዋ ሸፍና፣ ማንንም ሳታናግር፣ ቀስ ብላ በአጠገቤ አለፈች። ዓይኗ ብቻ ይታይ ነበር። እንደዚያ ያለ ደስታ በሰው ዓይን ላይ አላየሁም።

የእኛ ቀኖና ግን ገና አልተፈጸመም ነበር። ለሰብሳቢያችን ብነግረው «ካህን ለኮሚቴ ቀኖና ይሰጣል እንዴ?» ብሎ ሳቀ። ያቺ በብርድ የተንገጫገጨችው ተማሪ በሩ ላይ ቆማ ትሰማን ነበር። «እኔ ሞቄያለሁ፤ ጋቢያቸውንም ለብሻለሁ» አለች። ከዚያ በኋላ መሳቅ አልተቻለም።

እንጨቱማ ከጉድጓዳችን አለ። ከዚህ ቀላል ነገር የለም ብዬ ነበር። አትክልተኞቹ ደስ ብሏቸው የተገረዘውን ለይተው ከመሩልን። በር ላይ ግን ጥበቃው አቆመን፤ ንብረት ነው፣ የንብረት ክፍል መውጫ ያስፈልጋል አለ። ንብረት ክፍል ሄድኩ።

«ልታቃጥሉት አልነበር?» አልኩ።

«ለማቃጠል መውጫ አያስፈልገውም» አለኝ ሰውዬው፣ ቀልድም ቁጣም በሌለበት ፊት። «ከተቃጠለ ቆሻሻ ነው። ከበር ከወጣ ንብረት ነው።»

ደሜ ፈላ። ያን ዕለት በዚያ ቢሮ የተናገርኩትን እዚህ አልደግመውም። ሰብሳቢያችንን የማመሰግነው ለዚህ ነው፤ እኔ በቁጣ ያበላሸሁትን እሱ በትሕትና አስተካክሎ፣ ከአንድ ፊርማ ወደ ሌላው ሲመላለስ ሰንብቶ መውጫውን አስፈረመ። የግቢው መኪና ነዳጅ የለውም ተባለ። የልጅቷ አባት አንበሳሜ ገበያ ዕቃ የሚያደርስ አይሱዙ ነበራቸውና የእኛንም ከላይ ጫኑልን። ሰብሳቢያችን «ባነር አናሠራም ወይ?» ብሎ ሲጠይቀኝ ዓይኔን አፈጠጥኩበት።

ከአንበሳሜ ወዲያ ያለው መንገድ በእግር ነው። እያንዳንዳችን የየራሳችንን ሸክም በገመድ አስረን ተሸከምን። ገመዱ ትከሻ ይቆርጣል፤ ዳገቱ ትንፋሽ ያሳጣል። በልጅነቴ ይህን ሸክም እየሮጥኩ አወርደው ነበር። አሁን በየጥጉ እያረፍኩ ወጣሁ፤ ተማሪዎቹ ስቀውብኝ፣ ዳገቱ ሲብስ እነሱም ማለክለክ ጀመሩ። አክስቴ ደጇ ላይ ቆማ ጠበቀችን። እያንዳንዱን ሸክም ስናወርድ ግንባራችንን ሳመች። ሙስሊሟን ልጅ እጇን ይዛ «ጥርስሽ ዝም አለ?» አለቻት። እንጨቱን ቆጡ ላይ በሥርዓት ደረደርንላት፤ ቆጡ ሞላ።

«እንግዲህ እሳትሽን ሙቂ» አልኳት ስንለያይ።

«እሞቃለሁ። ደግሞም እንግዳ ቢመጣ አላፍርም።»

ያን ጊዜ ለቃሏ ልብ አላልኩትም። እኔ የሰማሁት «እሞቃለሁ» ያለችውን ብቻ ነው።

ክረምቱ ገባ። መንገዱ ተዘጋ፤ ስልኩም ጠፋ። በግቢያችን ግን አንድ ነገር ተሻሽሎ ነበር፤ የተገረዘው እንጨት ጉድጓድ መግባቱ ቀርቶ በየሰሞኑ በከተማው ዳር ላሉ አቅመ ደካሞች ይሰጥ ጀመር። መውጫው አሁንም ሦስት ፊርማ ይፈልጋል። ደስ ብሎኝ ነበር። መንገዱ ሲከፈት ለአክስቴ ሄጄ ልነግራት አስቤ ነበር።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ከመንደሩ አንድ ሰው በእግሩ መጥቶ መሞቷን ነገረኝ። ስደርስ ተቀብራለች። ፍትሐቷ ደርሷል፤ ከቅጥሩ ውስጥ፣ ከባሏ አጠገብ ነው ያረፈችው። ታስራ አልሞተችም። ይህን ሰው ሁሉ እየደጋገመ ነገረኝ፤ እኔም ተጽናናሁ፣ መጽናናት እስከሚቻለው ድረስ።

ዝናብ ነበር። ከየመንደሩ የመጣው ለቀስተኛ ውሃ እያንጠባጠበ ቤቱ ውስጥ ተፋፍጓል። ምድጃው ላይ ያለው አመድ የኩበት አመድ ነበር። ቀና ብዬ ቆጡን አየሁት። እንጨቱ እኛ እንደደረደርነው ነው። የእኔ ሸክም የታሰረበት ቀይ ገመድ እንኳ አልተፈታም።

ጎረቤቷን ጠየቅኳት። «ስንት ጊዜ ነገርናት» አለችኝ እያለቀሰች። «ሳሏ ሲብስባት አንዷን እንኳ እንማግድልሽ ስንላት፣ እሱ የእንግዳ ነው፤ እነዚያ ልጆች ቢመለሱ ምን ላሙቃቸው ነው የምትል። ኩበቱ ይበቃኛል ትል ነበር።»

ብርድ ነው የገደላት አልልም፤ አላውቅም፣ ሐኪምም አላያትም። ግን ተናደድኩባት። ሬሳዋ ገና አፈር ሳይደርቅበት ተናደድኩባት። ያን ሁሉ ዳገት የተሸከምነው ለአንቺ ነበር እኮ ብዬ በልቤ ጮህኩባት።

ሴቶቹ እንጨቱን ከቆጥ አወረዱት። አንዷ ቀዩን ገመድ በቢላ በጠሰችው። እሳቱ ተያያዘ፤ ቤቱን የግቢያችን የባሕር ዛፍ ሽታ ሞላው። ንፍሮው ተጣደ። ከዝናብ የመጣው ሁሉ እጁን ዘረጋ፤ ሽማግሎቹ፣ ወጣቱ ቄስ፣ ኮረብታውን ያስገዘቱት ወንዶች። እኔም እጄን ዘረጋሁ፤ በርዶኝ ነበር። ያን እንጨት ያልሞቀችው እሷ ብቻ ናት።